ከደሴ ሆኖ የቴሌቪዥን ወቅታዊ ጉዳይ ጋዜጠኛ መሆን፦ መንገዱን የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ

የቧንቧውሃዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመርቄያለሁ። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ስብሰባ መቅረጽ፣ «ተገለጸ» እያሉ መጻፍ፣ ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነው። ደመወዙ በወሩ ይገባል። እኔ ግን እየደረቅኩ ነው።

ልቤ ያለው ወቅታዊ ጉዳይ ላይ ነው። ዜና ማንበቡን አልፈልገውም። አንድ ጉዳይ ይዞ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ የሚመለከተውን ሰው ፊት ለፊት ጠይቆ፣ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ፕሮግራም መሥራት ነው የምመኘው። እናቴ «ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄደሽ ተመዝገቢ» ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ «አዲስ አበባ ካልገባሽ ማን ያይሻል?» ይላል።

ሙያው እንደ ሙያ ምን ይመስላል? በምን ይጀመራል? ሰው በምን ያድግበታል? እዚሁ ደሴ ሆኖስ ይቻላል? ከልባችሁ መልሱልኝ። ለማጽናናት ብቻ የምትጽፉ ይቅርባችሁ።

ሐረጎ ቁልቁለት

መልክ ካለሽ ትገቢያለሽ። ከሌለሽ ሬዲዮ አለልሽ፣ ሃሃ።

የኮምቦልቻዋ

አንተ ሰውዬ፣ ሐረጎን ስትወርድ ፍሬኑን ብቻ ሳይሆን አፍህንም ያዝ። ልጅቷ ቁም ነገር ጠየቀች።

የቀድሞ አዘጋጅ

እህቴ፣ አብሽሪ። በቴሌቪዥን ወቅታዊ ጉዳይ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የጣቢያውን ስም ለጊዜው ተይው።

መጀመሪያ የመልኩን ነገር እንዝጋው። ካሜራ ፊት የሚቆመው ሰው የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኞቻችን የጀመርነው ስልክ በመደወል ነው። ረዳት ሆነሽ ትገቢያለሽ። ለሌላ ሰው ፕሮግራም እንግዳ ታፈላልጊያለሽ፣ ሰነድ ትሰበስቢያለሽ፣ የተቀረጸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተሽ በየትኛው ደቂቃ ማን ምን እንዳለ ትጽፊያለሽ። አሰልቺ ነው። ግን ኤዲቲንግ የሚገባሽ እዚያ ነው። ሰውዬው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዝም ያለባት ጊዜ ከመልሱ በላይ እንደምትናገር የተረዳሁት ያኔ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ነው።

ከዚያ ሪፖርተር ትሆኛለሽ። ቀጥሎ የራስሽን ፕሮግራም የምታዘጋጂ አዘጋጅ። አቅራቢነት የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ ለአንዳንዱም አይመጣም። ለእኔ አልመጣልኝም፤ ቅርም አላለኝም።

አንድ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ጉዳዩ ይመረጣል። ከቀረጻ በፊት ከሚናገሩት ሰዎች ጋር ያለ ካሜራ ትገናኛለሽ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ብዙ ነው። ያለ ካሜራ ቡና ጠጥተሽ ያላወራሽው ሰው ካሜራ ፊት የሚነግርሽ ሬዲዮ ላይ የሰማውን ነው። ቀጥሎ ሰነድ ትሰበስቢያለሽ። ባለሥልጣኑን የምትጠይቂው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ሁሉን ይዘሽ ነው የምትገቢው። «ችግሩን እንዴት ያዩታል?» ብለሽ ከጀመርሽ ለሃያ ደቂቃ ስለ ዕቅድና አፈጻጸም ይነግርሻል። የራሱን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አውጥተሽ «ይህ የተጻፈው መቼ ነው?» ካልሽው ግን መልሱ አጭር ይሆናል። አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ ከደረደርሽ የሚመልሰው የቀለለውን ነው።

«ሰነድ አይሰጡኝም» እንዳትዪኝ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብት ይሰጥሻል። ጋዜጠኛ መሆንም አያስፈልግም፣ ማንም ዜጋ ይጠይቃል። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጊበት፣ ቅጂው እጅሽ ላይ ይቅር። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ካልመለሰ አለመመለሱ ራሱ የፕሮግራምሽ አንድ ክፍል ይሆናል።

ጦሳ ሥር

አዘጋጁ ስለ አሠራሩ ተናግሯል። እኔ ስለ አንድ ሰው ልጨምር፤ ታሪኩ ከደሴ ልጅ ጋር ይገናኛል።

ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ አለ። አባቱ ሪቻርድ ዲምብልቢ የቢቢሲ የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ዘጋቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ቤልሰን ከተባለው የናዚ ካምፕ የላከው ዘገባ እስካሁን ይጠቀሳል። ልጁ አይቲቪ በሚባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዚስ ዊክ ለሚባል የወቅታዊ ጉዳይ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። በ1966 መግቢያ ወደ ወሎ መጣ፤ ዕድሜው 29 ነበር። ፊልሙ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ስም ጥቅምት 8 ቀን 1966 እንግሊዝ አገር ታየ። መንግሥት ሲደብቀው የቆየው ረሃብ በአንድ ምሽት የዓለም ጉዳይ ሆነ። እርዳታ ጎረፈ።

ዓመት ሳይሞላ ያው ፊልም እዚህ ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በዘመን መለወጫው፣ ደርግ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች በመሃል እየገቡበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሄደ ተመልከቺ። በቢቢሲ ሬዲዮ የሕዝብ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ከ1987 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. መራ። በአይቲቪ የራሱ የእሑድ የፖለቲካ ቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ነበረው። የምርጫ ሌሊቶችን አቅርቧል። በ1994 እ.ኤ.አ. ያኔ ልዑል የነበሩትን ቻርልስን ስለ ትዳራቸው በቴሌቪዥን ጠይቆ እንግሊዝን አነጋግሯል። ስሙ የገነነው ግን እዚህ ወሎ መንገድ ዳር ነው።

እህል በረንዳ

«ስሙ የገነነው ወሎ መንገድ ዳር ነው።» አዎ። ለወሎስ ምን ቀረ?

ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። አንድ ፈረንጅ መጣ፣ ቀረጸ፣ ሄደ፣ ታወቀ። ረሃቡ ግን በካሜራ አልተጀመረም። እሱ ከመምጣቱ ወራት ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ድረስ መጥተው ፎቶ አንስተዋል፤ አዲስ አበባ ላይ አሳይተዋል። የራሳችን ሰው ሲያሳይ ዝም ተባለ። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳይ ዓለም ተንጫጫ። ልጅቷ ይህንንም አውቃ ትግባበት።

ሌላም አለ። በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ አጥንቷል። በዚያ በክፉው ጊዜ ዋጋው ሰው እንደሚገምተው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። የገበሬው መከር ጠፍቷል፣ ከብቱ አልቋል፣ መግዣ ገንዘብ የለውም። ገንዘብ ከሌለ ገበያ ላይ ያለው እህል ለእሱ ምኑ ነው? ይህ በካሜራ አይታይም። የደከመች እናት ትታያለች። ከከተማ የሚወጣው የጭነት መኪና አይታይም። ወቅታዊ ጉዳይ የሚባለው ያንን መኪና ካላሳየ ለእኔ ረዘም ያለ ዜና ነው።

ጋሽ የአራዳው

ልጆቼ፣ የምትሉትን እያነበብኩ ዝም ማለት አቃተኝ። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

ያኔ የወይዘሮ ስኂን ተማሪ ነበርኩ። ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ በኩል ሰው በእግሩ ይመጣ ነበር። አውቶቡስ ያስቆሙ ነበር፣ እንጀራ ስጡን እያሉ። ትምህርት ቤት ስንሄድ ያየነውን ስንመለስ አናገኘውም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

«እህል በረንዳ» ያለው እውነት ነው። ሰኞ ገበያ እህል ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው እህሉን እያየ ነው የወደቀው።

ፊልሙን ግን ያኔ እኛ አላየነውም። የቴሌቪዥኑ ስርጭት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ እምብዛም አይወጣም ነበር። ደሴ ላይ ወሬውን የሰማነው በሬዲዮና ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ሹፌር ነው። ስለ እኛ የተሠራውን እኛ ሳናየው ነው መንግሥት የተለወጠው። ልጄ ሆይ፣ ፕሮግራም ስትሠሪ የተቀረጸው ሰው ራሱ እንዲያየው አድርጊ። መብራት ከሌለው ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂና አሳዪው።

የቧንቧውሃዋ

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። እርስዎ የነገሩንን ማንም መምህር አልነገረኝም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያው ፊልም እንግሊዝ አገር ሰው ለመርዳት፣ እዚህ ደግሞ ንጉሥ ለማውረድ ከዋለ፣ ጋዜጠኛው በሥራው ላይ ምን ሥልጣን አለው?

የቀድሞ አዘጋጅ

ከታየ በኋላ? ጥቂት ነው። ከመታየቱ በፊት ግን ብዙ አለው። ለምሳሌ ሰውዬው መቼና የት እንደተቀረጸ ጽሑፉ ውስጥ ግልጽ አድርጊው። ስምና ቦታ የሌለው የደከመ ፊት ለማንም መልእክት ይሆናል፤ ቀን፣ ቀበሌና ምክንያት የተነገረለትን ማጣመም ግን ይከብዳል። ያልተቆረጠውን ቅጂም አስቀምጪ። አንድ ቀን «እንዲህ አላልኩም» የሚል ሰው ይመጣል።

ደርግ ያንን ሲቆርጥ ያሳየው ረሃብ ውሸት አልነበረም። ድግሱም ውሸት አልነበረም። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ወሎ ላይ ቆሞ የጠየቀው ሰው አይደለም። ስለዚህ ነው ኤዲቲንግ ክፍል ቁጭ በዪ የምልሽ። ሥልጣኑ ያለው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ትከሻ ካሜራ

ካሜራማን ነኝ። ሁሌ ስሙ የሚጠራው ጠያቂው ነው፤ እስቲ ስለ እኛም ይወራ።

የ1977ቱን ረሃብ ሁላችሁም የምታውቁት በማይክል በርክ ድምፅ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ የወጣው የኮረም ዘገባ ነው። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በርክ የደቡብ አፍሪካ ዘጋቢ ነበር፤ ጽሑፉም ድንቅ ነው። ዓለምን ያቆመው ምስል ግን የኬንያዊው የሞሐመድ አሚን ነው። ናይሮቢ የተወለደ፣ የራሱ ድርጅት የነበረው፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝና ማንን ማነጋገር እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው። ዘገባውን በዓለም ዙሪያ ከ400 የሚበልጡ ጣቢያዎች አሳዩት። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ነው ለእርዳታ ዘፋኞችን የሰበሰበው። በዓመቱ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተደረገ።

ካሜራማኑስ? ደርግ በወደቀበት በ1983፣ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ካሜራውን መልሶ ያዘ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ እዚያው ሞተ።

ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ይህ ሙያ ብቻሽን አይሠራም። ጥሩ ካሜራማን ያዢ፣ ስሙንም መጨረሻ ላይ ጻፊለት። አበሉንም አትርሺ።

ሐረጎ ቁልቁለት

እኔ ቅድም ቀልዴን ነበር። አሁን የምር ልጠይቅ። አዲስ አበባ ሳይገቡ ማን ያያል? ዩቲዩብ አለ ትሉኛላችሁ። ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ስድብና ኩሽና ነው።

የኮምቦልቻዋ

እኔ ደግሞ እንዲህ ልበል። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ከኮምቦልቻ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ስንመለስ ጋዜጠኛ ሞልቷል። የደሴ ሆስፒታል ዝርፊያ ተቀረጸ፣ የተሰበረው ፋብሪካ ተቀረጸ፣ እኔንም ጠየቁኝ። ከዚያ ሄዱ። ከዓመት በኋላ መጥቶ «አልጋው ተተካ? ሥራሽ ተመለሰ?» ያለኝ የለም። የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ አይመለስም፣ ነዳጅና አበል ይቆጥራል። ከደሴ ግን በሚኒባስ ሐረጎን ወርዳ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እዚህ መኖሯ ትልቁ ሀብቷ ነው። አጎትሽን ንገሪያቸው።

ጉዳይ ካጣሽ እኔ እሰጥሻለሁ። ከተማችን ፋብሪካ ብዙ ነው። ወርቃና ለይሌ የሚባሉ ትንንሽ ወንዞች አሉን። የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባባቸዋል፣ ከዚያ ወደ ቦርከና ይወርዳሉ። ተመራማሪዎች ውሃውን አጥንተውታል፤ የከባድ ብረቶች ብክለት አግኝተዋል። ታች ያለው ገበሬ በዚያ ውሃ አትክልት ያጠጣል። አትክልቱ ተመልሶ እኛ ገበያ ይመጣል። ዜናው «የአካባቢ ጥበቃ ቀን ተከበረ» ብሎ አለፈ።

የቀድሞ አዘጋጅ

ይኸው! ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም። የኮምቦልቻዋ፣ አንቺ ራስሽ አዘጋጅ ነሽ።

የቧንቧውሃዋ፣ እንዴት እንደምትሠሪው ልንገርሽ። በጠቆረ ውሃ አትጀምሪ። የጠቆረ ውሃ ሁሉም ቀርጾታል። ከአንድ ገበሬ ማሳ ጀምሪ። ውሃውን ከየት ይስባል? ለምን ከሌላ ቦታ አይስብም? ለማን ይሸጣል? ከዚያ ወንዙን ወደ ላይ ተከተዪ። ተመልካቹ አብሮሽ ይወጣል። ጥናቱን የሠሩትን ተመራማሪዎች ፈልጊና «ይህ ቁጥር ለሚበላው ሰው ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሳታውቂ «መርዝ ነው» አትበዪ። ጥናቱ የሚለውን ያህል ብቻ በዪ። የትኛው ፍሳሽ ከየት እንደሚወጣ በሰነድ ካልያዝሽ የማንንም ፋብሪካ ስም አትጥሪ። በአዋጅ 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም የስም ማጥፋት ጉዳይ በፍትሐ ብሔር እንዲታይ ተደርጓል፣ እስር የለውም። ካሳ ግን አለው፤ ኪስሽን ያራቁታል።

ፋብሪካዎቹን በእኩል ጠይቂ። የማጣሪያ ገንዳ ያላቸው አሉ፤ «አሳዩኝ» በያቸው። የሚያሳይሽ ካለ ቅረጺው፣ ሲሠራ ካየሽው ሲሠራ አየሁ በዪ። ሠራተኞቹንም አትርሺ። ፋብሪካው ቢዘጋ እንጀራቸው የሚቀር ሰዎች ናቸው፣ እነሱን ያልጠየቀ ፕሮግራም ጎደሎ ነው። የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት የመጨረሻውን የምርመራ ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቂ። 30 ቀኑን አሁን ጀምሪው። ደብዳቤውን ዛሬ ካስገባሽ ቀረጻሽ ሲያልቅ መልሱ ይደርሳል፣ ወይም አይደርስም።

እህል በረንዳ

ገበሬው ስሙን ይናገራል ብለሽ አታስቢ። አትክልቱን ማን ይገዛዋል ከዚያ በኋላ? ያንን ካላሰብሽበት ጎድተሽው ትሄጃለሽ። እኔ የምፈራው ይህን ነው።

የቧንቧውሃዋ

ልክ ነህ፤ አላሰብኩትም ነበር። ፊቱን ሳላሳይ ብቀርጸውስ?

ትከሻ ካሜራ

ይቻላል። እጁን፣ ማሳውን፣ ጀርባውን። ድምፁም ይቀየራል። ግን ኮምቦልቻ ትንሽ ናት፤ ማሳው ራሱ ይናገርበታል። አንድ ማሳ ብቻ አትቅረጺ፣ ብዙ ማሳ ይሁን። የአንዱ ችግር ሳይሆን የወንዙ ይሆናል። ፈቃዱን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠይቂው፤ ከቀረጻ በፊትም፣ ቆርጠሽ ካሳየሽው በኋላም።

የኮምቦልቻዋ

ታች ያሉትን ገበሬዎች አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ የእናቴ አብሮ አደግ ናት። ቅዳሜ ብትመጪ ካሜራ ሳትይዢ እወስድሻለሁ። ቡና አፍልታ ታወራሻለች። ጃኬትሽን ደሴ ተይው፤ እዚህ ይሞቃል።

የቧንቧውሃዋ

ኢንሻአላህ ቅዳሜ እመጣለሁ። ደብዳቤውን ማታ እጽፈዋለሁ። አዘጋጁ፣ ለማን ብዬ ልጻፈው? ለኃላፊው ነው ለሕዝብ ግንኙነቱ?

የቀድሞ አዘጋጅ

ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አድርጊው፣ ግልባጭ ለዋናው ኃላፊ። ሥራውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ ሃሃ። የፈለግሽውን ሰነድ በስሙና በዓመቱ ጥሪው። «ስለ ብክለት መረጃ ይሰጠን» ካልሽ ብሮሹር ይልኩልሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ከምትሠሪበት መሥሪያ ቤት ጋር የማይጋጭ መሆኑን አረጋግጪ። በመሥሪያ ቤቱ ካሜራና በሥራ ሰዓት አትሂጂ።

ትከሻ ካሜራ

በስልክ ቅረጺ፣ ችግር የለም። በስልክ ሲቀረጽ ምስሉን ሰው ይታገሳል፣ መጥፎ ድምፅ ግን አይታገስም። የደረት ማይክ አለኝ፣ አውስሻለሁ። ሰኞ ፒያሳ እገኛለሁ። ባትሪውን ግን አንቺ ትገዣለሽ።

ጋሽ የአራዳው

ሲያልቅ ለእኔም አምጪልኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬ ግን ደህና ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት

ቅዳሜ ጠዋት ባዶዬን ነው ወደ ኮምቦልቻ የምወርደው። መናኸሪያ ጋ ካገኘሁሽ በነፃ አደርስሻለሁ። ስለ መልክ አላወራም፣ ወላሂ።

የኮምቦልቻዋ

ፍሬኑን አስፈትሽ መጀመሪያ።